ስለ ድኩላና ስለ ሚዳቋ የሆድ ትሎች

ክረምቱ አልፎ ከየካ ሚካኤል በላይ ያለው ኮረብታ ጉሙ ሲገፈፍለት፤ ለእንጨት ወይም ለሽርሽር ወደ ጫካው የሚዘልቅ ሰው አልፎ አልፎ በቁጥቋጦ ሥር የተኛ የሚዳቋ ወይም የድኩላ ግልገል ያገኛል። ግልገሉ አይሮጥም፤ አይጮህም፤ ጆሮውን አጥፎ ዝም ብሎ ይተኛል። ሰውዬው እናቱ የሞተችበት ይመስለውና ይራራል፤ በጋቢው ጠቅልሎ ወደ ቤቱ ያወርደዋል። በግቢው ጥግ ያስረዋል፤ የላም ወተት ያጠጣዋል፤ ልጆች እየተቀባበሉ ያቅፉታል። በሦስተኛው ወይም በአራተኛው ቀን ግልገሉን ተቅማጥ ይይዘዋል። ጎረቤት ተሰብስቦ «ይህስ ትል ነው» ይላል፤ ለበግ ተገዝቶ የተረፈ የትል መድኃኒት ከጓዳ ይወጣና በጉሮሮው ይንቆረቆርለታል። ሲነጋ ሞቶ ይገኛል።

ይህን የጻፍነው በአንድ በምናውቀው ሰው ላይ ደረሰ ብለን አይደለም፤ በማንኛውም ደግ ሰው ቤት ሊደርስ የሚችል ስለ ሆነ ነው። ነገሩም የእንስሳው ጉዳይ ብቻ አይደለም፤ ግልገሉን ያቀፉት ልጆች እጃቸውን ሳይታጠቡ ወደ ማዕድ ቀርበዋልና። ስለዚህ በዚህ ወር ዕትማችን የዱር ድኩላና ሚዳቋ፤ እንዲሁም በግቢ ታጥረው የሚጠበቁት፤ የሆድ ትል እንዴት እንደሚይዛቸው፤ መድኃኒቱ መቼ እንደሚጠቅምና መቼ እንደሚጎዳ ለክቡራን አንባብያን ለማስረዳት አሰብን። የዘመን ቁጥር ስንጠቅስ «ዓ.ም.» ያልንበት በኢትዮጵያ አቆጣጠር፤ የቀረው በአውሮፓውያን አቆጣጠር መሆኑ ይታወቅልን።

አስቀድሞ ስለ ስሙ ጥቂት እንበል። በመዝሙረ ዳዊት ስሙን የምንሰማው ዋላ፤ በአውሮፓና በእስያ ደኖች የሚኖረው፤ ቅርንጫፍ ያለውን ቀንዱን በየዓመቱ እየጣለ እንደ ገና የሚያበቅለው እንስሳ፤ በኢትዮጵያ ዱር አይገኝም። በአፍሪካ ምድርም ከቱኒዚያና ከአልጄሪያ ደኖች በቀር በተፈጥሮ የሚኖርበት ቦታ የለም። የእኛዎቹ ድኩላ፤ ሚዳቋና አጋዘን ቀንዳቸውን አይጥሉም፤ ቀንዳቸው በአጥንት ላይ የለበሰ ሽፋን ነውና እስከ ዕለተ ሞታቸው አብሯቸው ይኖራል። ዘመድነታቸውም ከላም፤ ከበግና ከፍየል ጋር ነው። ይህ የመጻሕፍት ወሬ ብቻ አይደለም። የዘመድ ትል ለዘመድ ይተላለፋል፤ ከበግ ሆድ የወጣ ትል በድኩላ ሆድ ውስጥ ማደሪያ ያገኛል።

በእንጦጦ ኮረብታዎች የሚኖረው ድኩላ የሚያኮራን ነው። ወንዱ ወደ ጥቁርነት የሚያደላ፤ ጠጉሩ የረዘመ ሲሆን፤ ኖይማን የተባለ ጀርመናዊ የእንስሳት ሊቅ በ1902 በዳግማዊ ምኒልክ ስም ሰይሞታል። የሚገኘውም በኢትዮጵያ ደጋ ብቻ ነው። በባሌና በአርሲ ተራሮች የሚኖረው የደጋ አጋዘንም እንዲሁ ከአገራችን ውጭ በዱር አይታይም፤ የዓለም ሊቃውንት ለይተው የጻፉለት ገና በ1910 ነበር። ከአገር ውጭ መጠባበቂያ የሌለው እንስሳ ቢያልቅ ከየትም ማምጣት አይቻልም።

አሁን ወደ ትሉ እንመለስ። የሚያመነዥኩ እንስሳት ጨጓራ አራት ክፍል አለው፤ እመቤቶቻችን ሽንፍላ ሲያጥቡ ከእነዚህ አንዱን በእጃቸው ይዘዋል። በአራተኛው ክፍል፤ ምግብ በእውነት በሚፈጭበት፤ እንደ ክር የቀጠነ፤ ሁለት ወይም ሦስት ሳንቲ ሜትር የሚሆን ትል ይኖራል። ሴቲቱ ደም የተሞላውን አንጀቷን ነጩ የእንቁላል ከረጢቷ ስለሚጠመጠምበት ቀይና ነጭ ፈትል ተገምዶ ይመስላል። ሊቃውንት ሄሞንከስ ይሉታል። አንዷ ትል በቀን ከ5,000 እስከ 10,000 እንቁላል ትጥላለች። አንዱ ትል በቀን የሚያጠፋው ደም እጅግ ጥቂት ነው፤ ከአንድ ሚሊ ሊትር ሃያኛው እጅ ያህል ቢሆን ነው። ነገር ግን አንድ ሺህ ትል በአንድ በግ ሆድ ቢሰፍር በየቀኑ 50 ሚሊ ሊትር፤ ማለት ከአንድ የቡና ሲኒ የሚቀራረብ ደም ይሄዳል። እንስሳው የዐይኑ ቆብ ውስጥ ይነጣል፤ ከአገጩ ሥር ውኃ የቋጠረ እብጠት ይታያል፤ በመጨረሻም ቆሞ መሄድ ያቅተዋል።

ከዚህ ሌላ በቀጭኑ አንጀት የሚኖሩ፤ ተቅማጥ የሚያመጡና የሚያከሱ ጥቃቅን ትሎች አሉ። በሳንባ ቧንቧ የሚኖርና የሚያስል ትልም አለ፤ ይህ በደጋችን በጎች ዘንድ የታወቀ ነው። በረግረግ አካባቢ ደግሞ ቅጠል የመሰለው የጉበት ትል ይጨመራል፤ ስለ እርሱ ኋላ እንናገራለን።

እንቁላሉ ከበጠጥ ጋር መሬት ይወድቃል። ሙቀትና እርጥበት ካገኘ በአንድ ሳምንት ገደማ ከእንቁላሉ የወጣው እጭ ለመዋጥ ይበቃል፤ እንደ እንጦጦ ባለ ብርድ አገር ይዘገያል እንጂ አይቀርም። እጩ እግር የለውም፤ ጤዛው በሣሩ ላይ ባበጀው ስስ ውኃ ውስጥ እየዋኘ ሽቅብ ይወጣል። የሚወጣውም ብዙ አይደለም። አብዛኛው ከመሬት አንድ ስንዝር ሳይደርስ ይቀራል። እንስሳው ሣሩን ሲግጥ አብሮ ይውጠዋል፤ ከሦስት ሳምንት ገደማ በኋላ ትሉ አድጎ በተራው እንቁላል ይጥላል።

ይህን ስንዝር አንባቢ ልብ እንዲልልን እንለምናለን፤ የነገሩ ሁሉ ቁልፍ እርሱ ነውና። ድኩላና ሚዳቋ በዱር ሲኖሩ እንደ በግ ሣር ጋጭ አይደሉም። የቁጥቋጦ ቅጠል፤ እምቡጥና ፍሬ እየቀነጠቡ ይበላሉ፤ አፋቸው ብዙውን ጊዜ ከትሉ ከፍታ በላይ ነው። ደግሞ በመንጋ አይታጎሩም፤ ለብቻቸው ወይም ሁለት ሆነው ሰፊ ቦታ ይዞራሉ፤ በጠጣቸው በአንድ ስፍራ አይከማችም። ከዚህ የተነሣ የዱር ድኩላ ሆዱ ከትል ፈጽሞ ንጹሕ ባይሆንም ትሉ ጥቂት ነው፤ እንስሳውም ችሎት ይኖራል። ጥቂት ትል ያለበት የዱር እንስሳ ሕመምተኛ ነው ማለት ስሕተት ነው።

ያው እንስሳ በግቢ ሲታጠር ግን ሁሉ ነገር ይገለበጣል። ቁጥቋጦውን በጥቂት ሳምንት ይጨርሰዋል። ሰው ሣር አጭዶ መሬት ላይ ይበትንለታል፤ እርሱም በጠጡን በጣለበት መሬት አፉን ወደ ትሉ ከፍታ አውርዶ ይመገባል። ዛሬ የጣለውን እንቁላል ከሁለት ሳምንት በኋላ ራሱ ይበላዋል። አጥሩ በጠበበ ቁጥር፤ የእንስሳውም ቁጥር በበዛ መጠን፤ ይህ ክብ ይፈጥናል። እንግዲህ በግቢ ያለውን እንስሳ ያሳመመው ከዱር ያመጣው ትል ሳይሆን እኛ ያበጀንለት መኖሪያ ነው ብንል አልተሳሳትንም።

በዱር ያለውም ቢሆን ዛሬ እንደ ቀድሞው አይደለም። የእንጦጦ የጥንት ደን በጽድና በወይራ የተሞላ ነበር፤ ከዳግማዊ ምኒልክ ዘመን ጀምሮ ባሕር ዛፍ ቦታውን ወሰደው። ከባሕር ዛፍ ሥር ቁጥቋጦ ይሳሳል። ድኩላው ቅጠል ሲያጣ ወደ ገላጣው መስክ ወርዶ የበግና የከብት ግጦሽ ይጋራል፤ በዚያም የበጉን ትል ይሸምታል። እንግዲህ በኮረብታው ላይ አገር በቀል ቁጥቋጦ መትከልና መጠበቅ ለድኩላው ከማናቸውም መድኃኒት የበለጠ ሕክምና ነው። በ2013 ዓ.ም. የእንጦጦ ፓርክ ከተከፈተ ወዲህ ወደ ኮረብታው የሚወጣው ሕዝብ ብዙ ስለ ሆነ ይህን ማወቁ የሁላችንም ፈንታ ነው። በባሌ ተራሮች ብሔራዊ ፓርክ፤ በዲንሾ፤ የደጋ አጋዘን በታጠረ አነስተኛ ደን ውስጥ ተጠግቶ ይኖራል። ደኑ የጽድና የኮሶ ደን ነው።

ኮሶ ካልን ዘንድ አንድ የማይቀር ጥያቄ እንመልስ። «አያቶቻችን ለሆድ ትል ኮሶ ይጠጡ ነበር፤ ለድኩላውስ አይሆንምን?» የሚል አለ። የኮሶ አበባ ባለፈው በፊት በነበረው ክፍለ ዘመን በአውሮፓ መድኃኒት ቤቶች ሳይቀር ይሸጥ ነበር፤ ይህ እውነት ነው። የሚያባርረው ግን ያንኑ በስሙ የምንጠራውን፤ ሰው ጥሬ የከብት ሥጋ በልቶ የሚያተርፈውን ረጅሙንና ጠፍጣፋውን ትል ነው። ለሰውም ቢሆን መጠኑ ሲያልፍ ብርቱ መርዝ ነው። ደም መጣጩ ቀጭን ትል ሌላ ወገን ነው፤ ለእርሱ ኮሶ መስጠት በር ሳይጠፋ ግድግዳ እንደ መብሳት ይሆናል።

የዘመናችን የትል መድኃኒቶች ታሪክ ረጅም አይደለም። ታያቤንዳዞል በ1961 ወጣ። ዛሬ በትምህርት ቤት ለተማሪዎች የሚታደለው አልቤንዳዞል ከዚሁ ወገን ነው። ቀጥሎ አይቨርሜክቲን መጣ፤ እርሱ በጃፓን አገር ከአፈር ከተገኘ ረቂቅ ሕዋስ የተሠራ ሲሆን፤ ካምቤልና ኦሙራ የተባሉት ሁለት ሊቃውንት ስለዚሁ ሥራ በ2015 የኖቤል ሽልማት ተካፍለዋል። መድኃኒቶቹ ድንቅ ናቸው። ነገር ግን ታያቤንዳዞል በወጣ በሦስተኛው ዓመት፤ በ1964፤ መድኃኒቱን የለመደና የማይሞት የበግ ትል ተገኘ። ትልን መድኃኒት የሚያስለምደው ብዙውን ጊዜ የመጠን ማነስ ነው። ትንሽ መድኃኒት ደካማውን ትል ይገድላል፤ ብርቱውን ያስቀራል፤ ብርቱውም ብቻውን ይራባል።

ይህ ለድኩላ ባለቤት ምን ይነግረዋል? ለበግ የተጻፈው መጠን ለሌላ እንስሳ አይሠራም ማለት ነው። ለበግ አልቤንዳዞል በአንድ ኪሎ ክብደት 5 ሚሊ ግራም ያህል ይሰጣል፤ 25 ኪሎ ለሚመዝን በግ 125 ሚሊ ግራም ይሆናል። ፍየል ግን ከበግ ጋር በአንድ በረት ብታድርም ጉበቷ መድኃኒቱን ፈጥኖ ስለሚያጠፋው እጥፍ ያህል ያስፈልጋታል። ከ1970ዎቹ ወዲህ ዋላን እንደ ከብት የሚያረቡ የኒው ዚላንድ ገበሬዎችም የበግና የከብት መጠን ለዋላ እንደሚያንስ ተረድተዋል። ለድኩላና ለሚዳቋ በገበያ መድኃኒት ላይ የተጻፈ መጠን የለም፤ የሚወስነው የእንስሳት ሐኪም ነው። በዐይን ግምት የሚሰጥ መድኃኒት ወይ ያንሳል፤ ወይ ይገድላል። ደግሞም የእንስሳውን ራስ ሽቅብ ቀልብሶ መድኃኒት በጉሮሮ ማንቆርቆር ፈሳሹን ወደ ሳንባ ይልከዋል። በመግቢያችን የጠቀስነው ግልገል ከዚህም ሞቶ ሊሆን ይችላል።

የዚያን ግልገል ተቅማጥ ጉዳይ እንጨርስ። ገና እናቱን የሚጠባ፤ ሣር ያልቀመሰ ግልገል እንቁላል የሚጥል የጨጓራ ትል በሆዱ ሊኖረው በአብዛኛው አይችልም፤ ትሉ ለማደግ ሦስት ሳምንት ይሻልና። ተቅማጡን ያመጣው ያልለመደው ወተት፤ ንጹሕ ያልሆነ ዕቃ፤ ወይም እንደ ኮክሲዲያና ክሪፕቶስፖሪዲየም ያሉ በዐይን የማይታዩ ተውሳኮች ናቸው። በእነዚህ ላይ የትል መድኃኒት ምንም ኃይል የለውም። ከእነርሱም ክሪፕቶስፖሪዲየም ወደ ሰው ይተላለፋል፤ ብርቱ ተቅማጥ ያመጣል፤ በሕፃናትና ሰውነታቸው በደከመ ሰዎች ላይ ይከፋል። ውኃን ለማጥራት የሚጨመረው ክሎሪን እንኳ በቀላሉ አይገድለውም፤ ማፍላት ግን ይገድለዋል።

መጀመሪያውኑ ግልገሉ እናት አልሞተችበትም ነበር። የድኩላና የሚዳቋ እናት ግልገሏን ደብቃ ርቃ ትሰማራለች፤ በቀን ጥቂት ጊዜ ብቻ ተመልሳ ታጠባዋለች። ግልገሉ ዝም ብሎ የሚተኛው ጅብና ውሻ እንዳያገኘው ነው። ያገኘው ሰው ሳይነካው ዘወር ቢል እናቱ ትመለሳለች። ቆስሎ ወይም እናቱ በእርግጥ ሞታ የተገኘ እንደ ሆነ ለኢትዮጵያ ዱር እንስሳት ጥበቃ ባለሥልጣን ወይም በአቅራቢያ ላለ የእንስሳት ሐኪም ማመልከት ይገባል። የዱር እንስሳን ያለ ፈቃድ ይዞ ማኖር በ1999 ዓ.ም. በወጣው የዱር እንስሳት ልማት፤ ጥበቃና አጠቃቀም አዋጅ ቁጥር 541 የተከለከለ ነው።

በዱር ያለውን እንስሳ አሳድዶ ይዞ መድኃኒት ለመስጠት መሞከር ከሁሉ የከፋ ነው። ተባርሮና ታንቆ የተያዘ ድኩላ በድንጋጤና በድካም ጡንቻው ውስጥ ውስጡን ይፈራርሳል፤ የፈረሰው ጡንቻ ኩላሊቱን ይዘጋዋል፤ በዚያው ቀን ወይም ከጥቂት ቀን በኋላ ይሞታል። ትሉ ያላደረሰበትን ጉዳት ርኅራኄያችን ያደርስበታል። በአንዳንድ የአውሮፓ አገሮች መድኃኒቱን ከመኖ ጋር ቀላቅለው በደን ያስቀምጡለታል። ነገር ግን ጉልበተኛው እንስሳ ቀድሞ ጠግቦ ይበላል፤ መድኃኒቱ የሚያስፈልገው ደካማ ቅምሻ ብቻ ይደርሰዋል፤ ይህም ትሉን መድኃኒት ያስለምደዋል። አይቨርሜክቲን የወሰደ እንስሳ እበቱ ደግሞ እበት እያንከባለሉ የሚቀብሩትን ጢንዚዛዎች ይጎዳል፤ እነርሱ በጠጡን ከመሬት በታች በመቅበር በነፃ የሚያገለግሉን የጽዳት ሠራተኞች ናቸው። እኛ እንደሚመስለን ለእንጦጦ ድኩላ የሚበጀው በበጎቹ በኩል መሄድ ነው። በጎቹ ክረምቱ ሲገባና ሲወጣ በሐኪም ምክር ቢታከሙ፤ ድኩላው በሚጠጋበት የደን ዳርቻ ባይሰማሩ፤ አንድ ድኩላ ሳይያዝ የመስኩ ትል ይቀንሳል።

በግቢ በፈቃድ የሚጠበቁትን በተመለከተ ግን ጠባቂዎች ብዙ ሊያደርጉ ይችላሉ። መኖው ከመሬት ከፍ ባለ ቆጥ ላይ ይሁን፤ ቅርንጫፍም ከነቅጠሉ ይንጠልጠል፤ ከስንዝሩ በላይ ይሁን ማለታችን ነው። የውኃ ገንዳው በጠጥ እንዳይገባበት ይነሣ፤ በዙሪያውም ጭቃ አይፍጠር። በጠጡ ቢያንስ በሳምንት ሁለት ጊዜ ይጠረግ፤ እጩ ለመዋጥ ሳይበቃ መነሣት አለበትና። የተጠረገውም ተከምሮ ይሸፈን፤ ክምሩ ሲግል እንቁላሉን ያበስለዋል፤ ኋላ ለአትክልት ይሆናል። ግቢው ለሁለት ተከፍሎ እያፈራረቁ ቢያሳርፉት መልካም ነው። ከሌላ ቦታ የመጣ እንስሳ ለብቻው ተለይቶ በጠጡ ሳይመረመር ከነባሮቹ ጋር አይቀላቀል።

ይህን የመጨረሻውን ነገር የናቀ ምን እንደሚያገኘው የኢጣልያ ንጉሣዊ ቤተ ሰብ አይቷል። በ1860ዎቹ በቱሪን ከተማ አጠገብ ላ ማንድሪያ ወደሚባለው የአደን መናፈሻቸው ከአሜሪካ ዋላዎች አስመጡ። ዋላዎቹ በጉበታቸው እስከዚያ ዘመን በአውሮፓ ያልታወቀ ትልቅ የጉበት ትል ይዘው መጡ። የአገሩ ዋላ ማለቅ ሲጀምር ባሲ የተባለ የእንስሳት ሐኪም ትሉን መርምሮ በ1875 ጻፈለት፤ የአሜሪካው ትል ለመጀመሪያ ጊዜ ስም ያገኘው በኢጣልያ መሬት ነው። እነሆ፤ ትሉ ዛሬም በዚያ መናፈሻ አለ፤ ከዚያም ወዲህ በመካከለኛው አውሮፓ ደኖች ተገኝቷል።

የእኛው አገር የጉበት ትል ከዚያ ያንሳል እንጂ ጉዳቱ ቀላል አይደለም። እንቁላሉ ውኃ ውስጥ ይፈለፈላል፤ በረግረግ በሚኖር ትንሽ ቀንድ አውጣ ሆድ ውስጥ ይራባል፤ ከዚያ ወጥቶ በውኃ ዳር ሣር ላይ ተጣብቆ ከብት፤ በግ ወይም ድኩላ እስኪበላው ይጠብቃል። ለእርሱ ፍቱን የሆነው መድኃኒት ትሪክላቤንዳዞል ነው። በጎኑ የቀንድ አውጣውን መኖሪያ ማድረቅ፤ እንስሳትንም ከረግረጉ ማራቅ ያስፈልጋል። የአገራችን ሊቅ ዶክተር አክሊሉ ለማ በ1964 በአድዋ ሴቶች በእንዶድ ልብስ ከሚያጥቡበት ወንዝ በታች ቀንድ አውጣዎች ሞተው ማየታቸው ይታወሳል፤ እርሳቸው የተጋደሉት ከቢልሃርዝያ ጋር ነበር፤ ሐሳቡ ግን ለዚህም ይሆናል። ሰውም በረግረግ ዳር የበቀለ ቅጠል በጥሬው ቢበላ ይህ ትል ይይዘዋልና፤ ከምንጭ ዳር የተለቀመ ጎመን ሳይበስል አይበላ።

ውሻንም ሳናነሣ ማለፍ አንችልም። በጥር 12 ቀን የየካ ሚካኤል ታቦት ሲገባ፤ በፋሲካም በገናም፤ በየግቢው በግ ይታረዳል። አራጁ በሳንባው ወይም በጉበቱ ላይ ውኃ የሞላ ነጭ ቋጠሮ ሲያገኝ ቆርጦ ለውሻ ይወረውራል። በቋጠሮው ውስጥ ያሉት ጥቃቅን የትል ራሶች በውሻው አንጀት አድገው እንቁላል ይጥላሉ። ውሻው ወደ ኮረብታው ወጥቶ ሲጸዳዳ ድኩላውና በጉ ከሣር ጋር ይበሉታል፤ በግቢ ሲጸዳዳ ደግሞ ልጆች በእጃቸው ያገኙታል። በሰው ጉበትና ሳንባ ውስጥ ያው ቋጠሮ ለብዙ ዓመት ሳይታወቅ ያድጋል፤ ፈውሱም ብዙ ጊዜ የቀዶ ሕክምና ነው። ስለዚህ ቋጠሮ የተገኘበት የሆድ ዕቃ ይቃጠል፤ ወይም ውሻ ሊቆፍረው በማይችል ጥልቅ ጉድጓድ ይቀበር። ውሻውም ፕራዚኳንቴል የተባለውን መድኃኒት በሐኪም ትእዛዝ ይውሰድ።

መምህራን ለተማሪዎቻቸው ይህን በዐይን ሊያሳዩ ቢወዱ ከባድ አይደለም። ማይክሮስኮፕ ያለው ትምህርት ቤት አዲስ የወደቀ የበግ በጠጥ ጥቂት ፍሬ ይውሰድ። በውኃ ውስጥ ጨው እየጨመሩ መሟማት እስኪያቅተው ድረስ ያማስሉ፤ በጠጡን በዚህ ውኃ ፈጭተው በሻይ ማጥለያ ያጥልሉት፤ ትንሽ ጠርሙስ እስከ አፉ ሞልተው ስስ መስተዋት ይክደኑበት። የትሉ እንቁላል ከጨው ውኃ ስለሚቀል ተንሳፍፎ መስተዋቱ ላይ ይጣበቃል፤ ከ10 ወይም ከ15 ደቂቃ በኋላ መስተዋቱን ወደ ማይክሮስኮፑ ያሻግሩት። ሞላላ፤ በውስጡ እንደ ወይን ዘለላ የተከፋፈለ ነገር ያለበት እንቁላል ይታያል። የጉበት ትል እንቁላል ከባድ ስለ ሆነ በዚህ መንገድ አይንሳፈፍም፤ ባለመታየቱ የለም ማለት አይቻልም። የውሻ ዓይነ ምድር ለዚህ ትምህርት ፈጽሞ አይወሰድ፤ ከላይ የተናገርነው አደገኛ ትል አለበትና። ተማሪዎቹ ጓንት ያድርጉ፤ በክፍሉ ውስጥ ምንም ነገር አይብሉ፤ ሲጨርሱም ማጥለያው ወደ ሻይ ቤት እንዳይመለስ መምህሩ ራሱ ለብቻው ያስቀምጠው፤ ጠርሙሱና መስተዋቱ በፈላ ውኃ ይቀቀሉ፤ ሁሉም እጁን እስከ ክንዱ በሳሙና ታጥቦ ይውጣ።